ከማርማላታው ጀርባ የተቀመጠው ድምፅ

ማክሰኞ፣ ጁላይ 2

ዛሬ አራት ቤት አጸዳሁ። እነዚህ የእረፍት እንግዶች ባሕሩን እንዳለ በጫማቸው ይዘው ነው መሰለኝ የሚገቡት... አልጋ ውስጥ አሸዋ፣ ሻወር ውስጥ አሸዋ፣ ፍሪጅ ውስጥ እንኳ! ፍሪጅ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?

ቤት ስገባ እማ ሻይ አፍልታ ጠበቀችኝ። ከሆስፒታል ከወጣች ዛሬ አስራ ስድስት ቀኗ። አንገቷ ላይ ባለችው ቀዳዳ ነው የምትተነፍሰው። ማየቱን ለምጃለሁ እላለሁ። አልለመድኩም። ካንሰሩን ሲያወጡ ድምፅዋንም አብረው አወጡት። ዶክተሩ ቀድሞ ነግሮናል፣ አልዋሸንም... ግን መስማት ሌላ፣ ዝምታው ሌላ። እማ'ኮ ዝም የምትል ሰው አልነበረችም! ባሕሩን የሚከለክለው ግድብ ላይ ሆና በጎቹን ስትጣራ እዚህ ኩሽና ድረስ ይሰማ ነበር።

ሃቦ እሁድ ሄደ። ወንድሜ ባሕሩ ላይ መብራት የሚያመነጭ የንፋስ መዘውር የሚተክለው መርከብ ላይ ነው፣ ስድስት ሳምንት አይመለስም። በሩ ላይ ቆሞ፣ ሻንጣው ትከሻው ላይ...

"ፌና፣ ሳጥኑን አትንኪ።"

"እሺ።"

"እንዳትወለውዪውም።"

"እሺ አልኩህ'ኮ!"

"አንቺ ደግሞ የቆመ ነገር ካየሽ መወልወል ትወጃለሽ ብዬ ነው።"

ሳጥኑ ጓዳ ውስጥ ነው፣ ማርማላታው ከሚደረደርበት መደርደሪያ ላይ። ግማሽ ዳቦ ያክላል። ሰርቨር ይለዋል። ፎቶው፣ የቤቱ ወረቀት፣ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ዋናው ግን የእማ ድምፅ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ማይክሮፎን ፊት ቁጭ ብላ አነበበች። ስድስት መቶ አስራ ሁለት ዓረፍተ ነገር! ወይዘሮ ላመርስ፣ የንግግር ሐኪሟ፣ ከዚያ ላይ ድምፅ ይሠራል ብላለች። እማ ትጽፋለች፣ ማሽኑ በእማ ድምፅ ይናገራል። ጁላይ 19 መጥታ ልትወስደው ነው።

ለምን ያኔውኑ አልሰጠናትም? ሃቦ ነዋ! "ሳላጣራው አልሰጥም፣ ደግሞ የኛ ድምፅ የሰው ቤት አያድርም" አለ። ሁለተኛ ኮፒስ? "ስመለስ።" ሁሉ ነገር ስመለስ።

እኔ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት በስልኬ አንዷን ከፍቼ እሰማለሁ። አንድ ብቻ፣ እንዳያልቅብኝ። (አያልቅም፣ አውቃለሁ።) ዛሬ ቁጥር 112 ነበር፦ "ዛሬ ነፋሱ ከሰሜን ነው።" ያው የንባብ ነገር... ግን እሷ ናት! እሷ ራሷ! እኔ አልጋዬ ላይ ነኝ፣ እሷ ጓዳ ውስጥ ማርማላታው አጠገብ ናት፣ ግድግዳ አልፋ ያለ ምንም ገመድ ጆሮዬ ውስጥ ትገባለች። እማ ራሷ ደግሞ ኩሽና ውስጥ ዳቦ እየቆረጠች ነው። ሁለት ቦታ። ይሄ ነገር ማንንም አይገርመውም? እኔን ያስፈራኛል።

ዓርብ፣ ጁላይ 5

ነጎድጓድ። ከሰዓት በኋላ በባሕሩ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፣ በጎቹ ግድቡ ሥር ተጠጋግተው ቆሙ። እማ የመጀመሪያዋን ጉርምርምታ ስትሰማ ብድግ። ድሮ ቢሆን "ሶኬት ንቀሉ!" ብላ ቤቱን ታናጋው ነበር። ዛሬ ድስቱን በማንኪያ ቀጠቀጠችው። ገባኝ። እዚህ ሰፈር ማን የማይገባው አለ? ነጎድጓድ ሲመጣ ይነቀላል፣ በቃ። እማ ደግሞ ልጅ እያለች የጎረቤታቸው የሸምበቆ ጣራ በመብረቅ ሲነድ አይታለች።

እሷ ሳሎኑን፣ እኔ ኩሽናውንና ጓዳውን። ፍሪጁ፣ ምድጃው፣ የሶኬት ማከፋፈያው ላይ ያለው ሁሉ፣ ሁለት ሁለቱን ባንድ እጅ እየመዘዝኩ...

ከዚያ ሻይ። ከማንቆርቆሪያው ሥር ሻማዋ ብቻ በርታ። ሦስት ስኒ፣ እንደ ሻይ ሕጋችን። "ሦስት የፍሪዥያ ሰው መብት ነው" ይባላል እኛ ባሕር ዳር፣ ከሦስት በፊት የሚነሳ እንግዳም ባለቤትም የለም። ሦስተኛዋን ስትጨርስ እማ ማንኪያዋን ስኒው ውስጥ ጣል አደረገቻት። በቃኝ ማለት ነው። ይቺን ድሮም በማንኪያ ነበር የምትናገረው። አንድ ያልተወሰደባት ቃል አለ አልኩ በሆዴ፣ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 6

ወይኔ።

ጠዋት ስልኬን ከፈትኩ። "ሰርቨሩ አልተገኘም።" ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። "አልተገኘም።" ስልኬን አጠፋሁ፣ አበራሁ። "አልተገኘም።" ጓዳ ሮጥኩ... አረንጓዴው መብራት በርቷል! በርቶ ለምን አይገኝም? እና እዚያ ቆሜ፣ እጄ ማርማላታው ላይ፣ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

እኔ ነኝ። ትናንት በገዛ እጄ ነቀልኩት። እንደ ቶስተር መዠረጥኩት፣ ሲያባራም መልሼ ሰካሁት! ሃቦ አትንኪ አላለኝም? ስንቴ! ግን ነጎድጓድ ነበራ... ነጎድጓድ ሲመጣ መንቀል መንካት ነው እንዴ? አላሰብኩትም። ሲያስነጥስ አፍን እንደ መያዝ ነው፣ ማን ያስበዋል?

የእማ ድምፅ ሌላ ቦታ የለም። ጉሮሮዋም ውስጥ የለም።

ለሃቦ ጻፍኩ። አልደረሰውም፣ መርከቡ ላይ ኔትወርክ የለም። እሁድ እሁድ ነው በመርከቡ ስልክ የሚደውለው። ለእማ አልነገርኳትም። አስራ ሦስት ቀን ቀረ።

እሁድ፣ ጁላይ 7

አልደወለም።

እማ ስልኩን ታያለች፣ እኔን ታያለች። ሰሌዳዋ ላይ "ሞገድ ይሆናል" ብላ ጻፈች። "አዎ፣ ሞገድ ነው" አልኩ። ድምፄ ቀጠነ። እሷ ድምፅ የላትም፣ እኔ ያለኝን መቆጣጠር አቃተኝ።

አጎት ኤይልት ጋ ሄድኩ፣ ጎረቤታችን። አርባ ዓመት ፖስተኛ ነበር። ኮምፒውተር አያውቅም፣ ግን ሌላ ማን አለኝ? ብስክሌቱን ገልብጦ ሰንሰለት ይቀባል።

"ሞይን" ብዬ ሰላም አልኩት።

"ሞይን። ምነው ፊትሽ? በግ ገጨሽ?"

"አጎት ኤይልት፣ ለእማ እንዳትነግርብኝ።"

"ለእናትሽ ለቴዳ? መልሳ የማትሳደብ ሴት ጋ እኔ ምን ወሬ አለኝ!" አለና ራሱ ደነገጠ። እጁን በሱሪው ጠረገ። "ይቅርታ፣ ልጄ። የሽማግሌ አፍ ነው። ንገሪኝ።"

ነገርኩት። ሳልተነፍስ ነው የነገርኩት። ሰንሰለቱን ትቶ አዳመጠኝ።

"ሞቷል ነው የሚልሽ ወይስ አልተገኘም?"

"አልተገኘም።"

"መብራቱስ?"

"በርቷል።"

"እንግዲያማ ይሄ የኔ ሥራ ነው። ደብዳቤ አልተገኘም ተብሎ ሲመለስ ሰው ሁሉ ሞተ ብሎ ያለቅሳል። ከአስሩ ዘጠኙ'ኮ ቤት ቀይሮ ነው! የሳጥኑ አድራሻ ስንት ነው?"

"አድራሻ አለው እንዴ?"

"ደብዳቤ የሚደርሰው ነገር ሁሉ አድራሻ አለው። ሂጂ ፖስታ ቤቱን ጠይቂ። እናንተ ቤት ሁሉን የሚያከፋፍለው ማነው?"

ማነው? መንገዱን ሙሉ አሰብኩ። ቲቪው ከማን ነው የሚያገኘው፣ ስልኩ ከማን ነው... ራውተሩ! ኮሪደሩ ላይ ያለው ነጩ! ግን እሱንም መንካት ነው። ሌላ ነገር ብሰብርስ? ነገ።

ሰኞ፣ ጁላይ 8

ነካሁት።

ከሥሩ ወረቀት ተለጥፎበታል፣ ምን ብለሽ ጻፊ፣ በምን ቁልፍ ግቢ የሚል። እዚያ ለማንም እንዲታይ! ስንት ዓመት ከላዩ አቧራ እየወለወልኩ ገልብጬ አይቼው አላውቅም። ጻፍኩ፣ ገባሁ። እና ዝርዝር ወጣ።

ቤታችን ውስጥ መንደር አለ! ሁሉም ቁጥር አለው። ቲቪው 20። ፕሪንተሩ 21። የእማ ስልክ 22። 23 ደግሞ ሃቦ ለሳጥኑ ያወጣለት ስም፣ "ጓዳ" ይላል። የኔ ስልክ 24። እየተጠራሩ፣ እየተላላኩ፣ ግድግዳ ለግድግዳ... ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው፣ እኔ በመሃላቸው አልጋ ሳነጥፍ እነሱ እንዲህ ሲያወሩ ኖረዋል! ቁጭ ብዬ አፌን ከፍቼ አየሁ። ኮከብ የማይ ነው የመሰለኝ።

ስልኬ ላይ የሳጥኑ አድራሻ ብሎ የያዘው ግን 20ን ነው። ቲቪው የሳጥኑ ቤት ገብቷል! ነገሩ ገባኝ። ሁሉም ተነቅሎ ሲሰካ፣ ቀድሞ የነቃ የመጀመሪያውን ቁጥር ወሰደ። እማ ደግሞ ከሁሉ በፊት ቲቪውን ነው የሰካችው፣ የአየር ትንበያ እንዳያመልጣት። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ የቲቪውን በር እያንኳኳሁ የእናቴን ድምፅ ጠየቅኩ። ምን ብሎ ይመልስልኝ?

20ን አጥፍቼ 23 ጻፍኩ። ተከፈተ! ጮህኩ። እማ ከሳሎን በማንኪያ ጠረጴዛ መታች፣ ምን ሆንሽ ለማለት። "አይጥ!" አልኳት። አይጥ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከዚያ ፓስወርድ ጠየቀኝ።

ሳጥኑን ቀስ ብዬ ሳዘነብለው ሃቦ ከሥሩ ፕላስተር ለጥፏል፦ "የሻይ ሕግ"። ይሄንማ አውቃለሁ! ሦስት የፍሪዥያ ሰው መብት ነው። ግን በኛ ቋንቋ ነው፣ በፕላት ነው። ፕላትን ደግሞ ማን ይጽፋል? ይወራል እንጂ! እዚህ ፊደሉ አንዴ ነው ሁለቴ? ይሄኛው ተያይዞ ነው ተለያይቶ? ትምህርት ቤት ጀርመንኛውንም በቅጡ አልጻፍኩ፣ በአስራ አምስት ዓመቴ ነው የወጣሁት፣ እንኳን ፕላት። አንዴ ሞከርኩ፣ ተሳስተሻል። ሁለቴ፣ ተሳስተሻል። "አንድ ሙከራ ቀርቶሻል፣ ከዚያ ይዘጋል።"

ዘጋሁት እኔው። እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ፣ ሦስተኛ እንዳልሞክር።

ረቡዕ፣ ጁላይ 10

እማ አወቀች።

ሳህን እያጠብኩ ነበር። መጣች፣ ቧንቧውን ዘጋች፣ ሰሌዳውን አፍንጫዬ ላይ አቆመችው፦ "ምን ሰበርሽ?"

"ምንም።"

"ምን ሰበርሽ" የሚለውን በጣቷ አሰመረችበት።

አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ነጎድጓዱን፣ መዠረጤን፣ ቲቪውን፣ አጎት ኤይልትን፣ አይጡንም። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ቀና ስል ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል... እያለቀሰች መስሎኝ! እየሳቀች ነው። ያለ ድምፅ ስትስቅ አየር ብቻ ነው ከአንገቷ የሚወጣው፣ ፊሽ ፊሽ። "እኔ ነኝ ድስት የመታሁት" ብላ ጻፈች።

የሻይ ሕግ ፓስወርድ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም አልኳት። ሃቦ ፕላት የሚጽፈው ለማን ነው? ለሷ ነው። እሷ ለገበያ የምትጽፍለትን እያየ ነው የተማረው። እማ ደግሞ እንደምትናገረው ነው የምትጽፈው፣ ሕግ የለ፣ ምን የለ። ሰሌዳዋን አጠፋች። መጀመሪያ በከንፈሯ አለችው፣ ያለ ድምፅ፣ ቀስ ብላ... ጆሮዬ ሰማው ብል ውሸት ነው፣ ግን ሰማሁት። ከዚያ ጻፈችው። አንዱን ፊደል ሦስቴ ነው የምትጽፈው! ስትለው ስለምታረዝመው!

እንደሷ፣ ፊደል በፊደል። ተከፈተ። ተቃቀፍን፣ እማ ሻይ ቀዳች።

"የእማ ድምፅ" የሚለውን ፎልደር ነካሁ።

ባዶ።

ወጥቼ ገባሁ። ባዶ። ፎቶውን ከፈትኩ። ባዶ። ሁሉም ስሙ አለ፣ ውስጡ ነጭ ነው። እማ ጎንበስ ብላ አየች፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ተቀመጠች። የመጀመሪያዋን ስኒ ግማሽ እንኳ አልጠጣችም... ማንኪያዋን ስኒው ውስጥ ጣለቻት።

ሐሙስ፣ ጁላይ 11

በአንደኛ ስኒ ማንኪያ ስትጥል በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አባ የሞተ ዕለት እንኳ ሦስት ጠጥታለች።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 13

አምስት ቤት። አንደኛው ቤት አንዲት ሴት በስልክ ትጮሃለች፣ ስለ ምንም ነገር፣ ስለ ፎጣ። ቆሜ ሰማኋት። ድምፅ እንዲህ ይባክናል...

ሳጥኑን አልነካሁትም። ስድስት ቀን ቀረ።

እሁድ፣ ጁላይ 14

ልጻፈው፣ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ።

ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ዘለልኩ።

"ሃቦ!"

"ምን ሰበርሽ?"

ሁሉም ይሄንኑ ነው የሚጠይቀኝ! "ሳጥኑ ባዶ ነው" አልኩት። የመርከቡ ሞተር ብቻ ይሰማል።

"ነቀልሽው?"

"ነጎድጓድ ነበር..."

"እንዴ፣ ነጎድጓድ ከነበረማ!" አለ። ከአፉ አመለጠው። "እኔም እነቅለው ነበር'ኮ። አንቺን አትንኪ ስል ነጎድጓድ የሚባል ነገር ረሳሁ፣ እማዬ ቤት ውስጥ! በጭንቅላቴ ምንድነው ያለው?" ሲሳደብ ሰማሁት፣ ራሱን ነው። ከዚያ "ስንት ገመድ ነቀልሽ?"

"ምን ስንት?"

"ሳጥኑ አንድ ነው። ከኋላው፣ ከእንጆሪ ማርማላታው ጀርባ፣ ጥቁር ትንሽ ነገር አለ። ሃርድ ዲስክ ነው። የራሱ ገመድ አለው። እሱ ተሰክቷል?"

ሁለት ሁለቱን ባንድ እጅ ነበር የመዘዝኩት። ስመልስ ግን የሳጥኑን ብቻ... ማከፋፈያው ላይ የቀረችውን ቀዳዳ በምን ሞላኋት? በእማ የእንፋሎት ማሽን! ጉሮሮዋ እንዳይደርቅ ብዬ!

"ሃቦ፣ ወይኔ ሃቦ..."

"ስሚኝ፣ ጊዜ የለኝም። ሳጥኑ ዘበኛ ነው። ዕቃው ያለው ጥቁሩ ውስጥ ነው፣ መጋዘኑ እሱ ነው። ዘበኛው ሲነቃ መጋዘኑ የለም፣ ባዶ ነው አለሽ። አልዋሸም፣ ያየውን ነው የተናገረው። መጀመሪያ ዘበኛውን አስተኚው፣ ገጹ ላይ 'አጥፋ' አለ፣ እሱን ተጫኚ፣ መንቀል የለም! መብራቱ ሲጠፋ መጋዘኑን ሰኪ። ከዚያ ዘበኛውን ቀስቅሺ። ከዚያ ብዙ ይቆያል፣ ግን ምንም ቢሆን ፌና፣ ምንም ቢሆን እንዳት..."

ተቆረጠ።

እንዳት ምን? እንዳት ምን!

እማ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ነበር፣ ሁሉንም ሰምታለች። ሳልናገር የእንፋሎት ማሽኗን ራሷ ነቀለች። እኔ "አጥፋ"ን ተጫንኩ። አረንጓዴው ጠፋ፣ ጓዳው ጨለመ። እንጆሪውን አንድ በአንድ አወረድን፣ አስራ አንድ ጠርሙስ። አለ! ጥቁር፣ የእጅ መዳፍ የሚያክል፣ አቧራ ለብሶ። ሰካሁት። ዝም። ከዚያ ጥርርር አለ፣ እንደ ድመት። ከዚያ ጢቅ አለ። ጢቅ ለምን ይላል? ሳጥኑን ቀሰቀስኩ። አረንጓዴ አልሆነም፣ ቢጫ ሆነ። ቢጫ ብልጭ፣ ቢጫ ብልጭ... ቢጫ አይቼ አላውቅም!

እጄ ወደ ገመዱ ሄደ፣ ምንም ሳላዝዘው። እማ በማንኪያ መታችኝ። አመመኝ'ኮ! ሰሌዳዋን ወስዳ ጻፈች፦ "ሦስት ስኒ። እሱም እንግዳ ነው።"

ጓዳው በር ላይ ሁለት ወንበር አደረግን። ሻማዋን አበራች፣ ቀዳች። አንደኛ ስኒ፣ ቢጫ። ጥርርር፣ ጢቅ። አጎት ኤይልት በመስኮት አንገቱን አስገባና "ቤት ቀየረ?" አለ። "ቤቱ ውስጥ ነው፣ መጋዘኑን እየፈለገ ነው" አልኩት። "እንግዲያው ፖስተኛን አታዋክቡ" ብሎ ራሱ ወንበር ይዞ መጣ። ሁለተኛ ስኒ፣ ቢጫ። ሃምሳ ደቂቃ ሆነ። ወንበሬን ግራና ቀኝ ይዤ ነው የተቀመጥኩት። እማ ቀና ብላ ማርማላታውን ትቆጥራለች መሰለኝ።

ሦስተኛውን ስትቀዳ ስኳሩ ትኩሱ ሲነካው ጭርርክ አለ፣ ሁሌም እንደሚለው። ቀና አልኩ።

አረንጓዴ።

አጎት ኤይልት ኮፍያውን አወለቀ። ከፈትኩ። ስድስት መቶ አስራ ሁለት! ቆጠርኩት አላልኩም፣ እሱ ራሱ ጽፎታል። እማ ጣቷን ቁጥር 1 ላይ አሳረፈች።

መጀመሪያ የሃቦ ድምፅ ነው፦ "በይ እማ።" ከዚያ እሷ፦ "በርቷል እንዴ ነገሩ? አፍንጫዬን ልናፈጥ ቆይ።" እና ሳቋ! ሳቋ በሙሉ፣ ከሆዷ! መቼም አልተመዘገበም ብዬ... አለ። ሳቋም አለ።

እማ ስልኩ ላይ መዳፏን ጫነች፣ ምድጃ እንደምትሞቅ። ሌላው እጇ አንገቷ ላይ ነበር። እዚህ ዝም ያለው እዚያ ይስቃል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲህ ሆኜ አላውቅም፣ ጓዳ ውስጥ፣ እንጆሪ መሃል።

ሰኞ፣ ጁላይ 15

የሃቦ መልእክት ጠዋት ደረሰ፣ ከየት ኔትወርክ እንዳገኘ እንጃ። አንድ መስመር፦ "መሃል ላይ እንዳትነቅይው ነበር ያልኩሽ። ቢጫ ሲሆን ራሱን እየመረመረ ነው።"

"ሦስት ስኒ ጠበቅን" ብዬ መለስኩለት።

ከዚያ ፍላሽ ገዛሁ፣ ስድስት መቶ አስራ ሁለቱንም ገለበጥኩ። እኔ! ማንም ሳያሳየኝ። ፖስታ ውስጥ ከትቼ ለአጎት ኤይልት ሰጠሁት። "ሁለተኛው ኮፒ እኛ ቤት አይደር" አልኩት። ሃቦ ይኮርፋል፣ ይኩረፍ። አጎት ኤይልት ፖስታውን ደረት ኪሱ ከተተ፣ ሰማንያ ሜትር ለማትሞላ መንገድ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። "አደራ ደብዳቤ በእግር አይሄድም" አለ።

ዓርብ፣ ጁላይ 19

ወይዘሮ ላመርስ መጣች፣ ኮምፒውተሯን ከዋይፋያችን አገናኘች፣ "አድራሻው?" አለች። "23" አልኩ፣ ሳልደናገር። "ፓስወርዱን እኔ ልጻፍልሽ፣ አንቺ አትችዪውም።" አንድም አልጎደለም። ሦስት ሳምንት ይፈጃል አለች፣ ከተነበበው ላይ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን ወስደው ነው አሉ አዲሱን የሚሰፉት። እንዴት ይሰፋል ድምፅ? በምን ክር?

ሐሙስ፣ ኦገስት 8

ዛሬ ደረሰ። ትንሽ ነው፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ዳቦ መቁረጫ ጣውላ። እማ ጭኗ ላይ አደረገችው። ወይዘሮ ላመርስ "ምንም ደስ ያለሽን ጻፊ" አለቻት። እማ አሰበች። በሁለት ጣት ጻፈች። ሁላችንም ጎንበስ...

"ወይዘሮ ላመርስ፣ ጫማሽን አላወለቅሽም።"

በእማ ድምፅ! በእማ ድምፅ! ይሄን ዓረፍተ ነገር'ኮ አላነበበችውም፣ ከስድስት መቶ አስራ ሁለቱ ውስጥ የለም፣ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። በሕይወቷ ብላው የማታውቀውን ነገር አለች። ትንሽ ከአፍንጫ ነው፣ ትንሽ ይጣደፋል... ግን እሷ ናት፣ ቁጣዋም የሷ ነው። ወይዘሮ ላመርስ እየሳቀች እየቀላች ጫማዋን አወለቀች።

ወይዘሮ ላመርስ እንደሄደች፣ ሁለተኛ ስኒ ሻያችን ላይ ሳለን፣ በባሕሩ በኩል ጉርርር አለ። እማና እኔ ተያየን። ድስቱ ጋ አልሄደችም። ጻፈች፣ በሁለት ጣት፣ እየተጣደፈች፦

"ሶኬት ንቀሉ!"

"ቆይ እማ!" አልኳት። እማን ቆይ ብያት አላውቅም። "መጀመሪያ ዘበኛውን ላስተኛ!"

"ቶሎ በያ!"

ጓዳ ገባሁ። "አጥፋ"። መብራቱ እስኪጠፋ ጠበቅኩ፣ ላዬ ላይ እየነጎደ፣ አልቸኮልኩም። ከዚያ የሳጥኑን ገመድ። ከዚያ የመጋዘኑን። ብቻ ብቻቸውን፣ አንድ አንድ ባንድ እጅ። ራውተሩ። ፍሪጁ። ቲቪውን እማ። መንደሩ በሙሉ ተኛ። የፍሪጁ ጉርምርምታ እንኳ ሲቆም ቤቱ እንዴት ዝም ይላል... እንደ ያኔው ዓርብ።

እኔ ጨለማው ውስጥ ቆሜ አንድ ያልነቀልኩት አለ ወይ ብዬ ስቆጥር፣ ከሻማዋ በኩል ድምፅ መጣ። ማሽኑ'ኮ በባትሪ ነው የሚሠራው! ከቤቱ ሁሉ የቀረው እሱ ብቻ ነበር።

"መጥፎ አይደለም፣ ፌና" አለችኝ።

እዚህ አገር ከዚህ በላይ ሙገሳ የለም። አባን እንኳ ሁለቴ ነው እንዲህ ያለችው። ወደ ሻማዋ ስጠጋ እንደገና ጣቷ ሲሄድ ሰማሁ።

"ሦስተኛው ስኒሽ ቀርቷል። ቁጭ በይ።"

ቁጭ አልኩ።